ፍሬም ያልገባለት መስታወት

የአጎቴ ክፍል ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር። ፎቶ የሚያጥብበት መድኃኒት ሽታ ነው። ገና ከውጭ በር ስገባ ያ ሽታ ከተቀበለኝ አጎቴ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ቀዩ አምፖል በርቷል፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተደፍኗል፣ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ቢለምንም ቢቆጣም አይከፈትለትም። እናቴ ከዚያ ሽታ ጋር ታርቃ አታውቅም። «የሚበላው ሰላጣ የሌለው ሰው ይህ ሁሉ ኮምጣጤ ምን ያደርግለታል?» እያለች መስኮቶቻችንን ትከፋፍት ነበር። ክፍሉ ከፈረሰ ቆየ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የኮምጣጤ ጠርሙስ ስከፍት ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የተንጠለጠሉ እርጥብ ፎቶዎችና፣ ከእነዚያ መካከል ቀጥ ብላ የምታየኝ አንዲት ሴት ናቸው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሚስት አላገባም፤ ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ጠባብና ረጅም ክፍል ብቻውን ይኖር ነበር። ከጉርምስናው ጀምሮ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ ኖረ። «ቀና በል፣ ጆሮህን አሳይ፣ አትንቀሳቀስ» እያለ ወጣትነቱ አለፈ። ይህች አነጋገር አፉን ከመልመዷ የተነሳ አንዳንድ ቀን ምሳ ላይ እኔንም «ቀና በይ፣ ጆሮሽን አሳዪ» ይለኝና ራሱ ደንግጦ ይስቅ ነበር።

«ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ» ይል ነበር፣ «የራሱን ፊት ቤቱ አስቀምጦ የጎረቤቱን ተውሶ ይመጣል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የውሰት ፊት ሳነሳ ነው።»

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አርጅተው ቤቱን ሲዘጉ፣ አጎቴ አንድ አሮጌ ካሜራ ይዞ መንገድ ወጣ። መንገዱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ አላስደሰተውም። ካሜራውን ያየ ሁሉ ወይ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ወይ ፊቱን ይሸፍናል፣ ወይ «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ይመጣበታል። አንድ ቀን ሁለት ተሸካሚዎች ባለመስታወት ቁም ሳጥን ተሸክመው በፊቱ ሲያልፉ፣ በመስታወቱ ውስጥ መንገዱ በሙሉ እየተወዛወዘ ሲሄድ አየ፤ ቲማቲም የምትመርጥ ሴት፣ የሚያዛጋ ሾፌር፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር ሰው። አንዳቸውም እሱን ልብ አላሉትም። ሁሉም የየራሳቸውን ፊት እንደያዙ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲያ አጎቴ ሰው ፊት ለፊት አላነሳም።

ሥራው እንዲህ ነበር። የቆመ መኪና የጎን መስታወት ይሁን፣ የመነጽር ሻጭ መስታወት ይሁን፣ የልብስ ሰፊ መለኪያ መስታወት ይሁን፣ ብቻ መስታወት ካገኘ ጀርባውን ለመንገደኛው ሰጥቶ ይቆማል። ራሱ እንዳይታይ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ሌንሱን የሚያስተካክለውም በመስታወቱ ገጽ ላይ ሳይሆን በውስጡ ባለው ርቀት ነው። «መስታወቱን ካየሽ የምታገኚው አቧራና የጣት አሻራ ነው። መንገዱን ከፈለግሽ እንደ ጉድጓድ ውሃ ወደ ውስጥ ጠልቀሽ እዪ» ይለኝ ነበር። ከሁሉ የሚወደው ግን እሱ «ማጋጠም» የሚለው ሥራ ነው። በእውን ከፊቱ ያለውን ነገር፣ ከጀርባው ሆኖ በመስታወት ከሚታየው ነገር ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ያገናኘዋል። ከመስታወቱ ባሻገር ራቅ ብሎ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲዘረጋ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ርግብ መዳፉ ላይ ያረፈች ትመስላለች። ለዚህ ደግሞ የፊተኛውና የኋለኛው እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ ግዙፍ ሌላው ድንክ ይሆናል። ይህ እስኪገጥምለት አጎቴ ግድግዳ ፊት ተገትሮ ይውላል።

ሰው ደግሞ ግድግዳ ፊት ተገትሮ የሚውል ሰው አይወድም። ሰፈሩ «ጀርባው» የሚል ስም አወጣለት። «ጀርባው መጣ» ከተባለ የሞቀ ጨዋታ ይቀዘቅዛል። የሰው ዓይን የማያይ ሰው ምን ቢደብቅ ነው? አንዱ ወሬ አቀባይ ነው አለ፤ ሌላው የሚጠራጠሩ ባሎች እየቀጠሩት ሚስቶቻቸውን ያስጠብቁታል አለ። የአንድ መደብር ዘበኛ አንድ ቀን ትከሻውን ጨምድዶ ያዘው።

«እዚህ መስታወት ላይ ምን ተለጥፈህ ቀረህ?»

«መስታወት አያለሁ። ክልክል ነው?»

«መስታወት የምታይ ከሆነ መጀመሪያ ጢምህን ተላጭ! ይህን ጢም ይዞ ራሱን ሲያይ የሚውል ጤነኛ የለም። ንገረኝ፣ ማንን ነው የምታየው?»

«አንተን» አለው አጎቴ። «ከጀርባዬ ስትመጣ አነሳሁህ። እያፏጨህ ነበር።»

ዘበኛው እጁን ከትከሻው ላይ አነሳ። ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማፏጨቴ ለአለቃዬ ይነገራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

አጎቴ ይህን ሲያወራልን እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷ ከበድ አለ። «አንተ ሰው፣ ሰው ሳያውቅ የተነሳበት ፎቶ ውሎ አድሮ ጠብ ይወልዳል። እኔን ካልሰማህ ማንን ልትሰማ ነው?»

በዚህ ሁሉ ጥርጣሬ መካከል አጎቴን ያመነው አብሮ አደጉ ፀጉር አስተካካዩ ነው። አንድ በር ላይ ኳስ ተራግጠው፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ጥፋት አብረው ተገርፈው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ፀጉር አስተካካዩ የአጎቴን ፎቶዎች ሱቁ ግድግዳ ላይ ይሰቅልለትና፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ «ይህ የወንድሜ እጅ ሥራ ነው። እዩት፣ አንድም ሰው ካሜራውን አያይም። እንደ ሌባ ነው የሚሰርቃቸው!» ይል ነበር። አጎቴም ይህን ሲሰማ እንደ ልጃገረድ አንገቱን ይደፋል።

የፀጉር አስተካካዩን ሚስት እኔ «እትዬ» እላት ነበር። ረዘም ያለች፣ ቃሏን መርጣ የምትናገር ሴት ናት። የሱቁን ፎጣዎች የምታጥበው እሷ ስትሆን፣ አጥባ ከደጁ ባለው ገመድ ላይ ታሰጣለች። እጇ ፎጣ ላይ፣ ዓይኗ መንገድ ላይ ይውላል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የመስታወት ቆራጩ ሱቅ አለ፤ በሩ ጠባብ፣ ውስጡ እንደ ቦይ የረዘመ ጨለማ ቤት ነው። ቆራጩ ሴት ወንድ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉንም «የኔ ቆንጆ» የሚል ሳቂተኛ ሰው ነበር። ገና ፍሬም ያልገባላቸውን ረጃጅም መስታወቶች በሩ ላይ አስደግፎ ያቆማል። ለአጎቴ ያ በር ገነት ነበር።

ጣጣውን ያመጣው ፎቶ የተነሳው እዚያ በር ላይ ነው። አንድ ረጅም መስታወት የበሩን ግማሽ ሸፍኖ ቆሟል። በቀረው ግማሽ በኩል፣ ከሱቁ ጥልቀት ውስጥ፣ ቆራጩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይታያል። በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ እትዬ ከፎጣዎቿ አጠገብ ቆማለች። እሱ ወደ ውስጥ የራቀውን ያህል እሷም ወደ ውጭ ርቃለች፤ ስለዚህ የሁለቱም ጭንቅላት እኩል ሆኖ ወጣ። መስታወቱ ፍሬም ስላልነበረው የት ላይ እንደሚያልቅ ዓይን አይለየውም። አጎቴ ሲያጋጥማቸው በመካከላቸው ያለው መንገድ፣ መኪናው፣ መንገደኛው ሁሉ ጠፋ። የቀሩት በከፊል ጨለማ ጉንጭ ለጉንጭ የተጠጉ ወንድና ሴት ናቸው።

አጎቴ ፎቶውን ትልቅ አድርጎ አተመውና በጋዜጣ ጠቅልሎ ለወዳጁ ወሰደለት። ፀጉር አስተካካዩ የሚስቱን ፊት ሲያይ ደስ አለው፤ ከጎኗ ጨለማ ውስጥ ያለውን ልብ ሳይል ሰቀለው። ልብ ያለው አንድ ባለ ታክሲ ነው፤ አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት፣ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ሳለ።

«ጋሼ፣ እዚያ ላይ ያለችው ባለቤትህ አይደለችም እንዴ?»

«ነቻ። ወንድሜ ነው ያነሳት።»

«ወንድምህ እጁ ይባረክ። ከጎኗ ያለውስ ማነው?»

«የቱ ከጎኗ?»

«ይኸው እንጂ፣ ጉንጯ ላይ ሊቀመጥ የደረሰው!» ባለ ታክሲው ከነጨርቁ ተነስቶ ተጠጋ። «እግዜር ያሳያችሁ፣ የማዶው ቆራጭ ነው! አይ የኔ ቆንጆ! እኛ እዚህ በተራ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ እሱ ተራም አልያዘ።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። መቀሱ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ፎቶውን ከሚስማሩ አወረደው፣ ወደ ብርሃን ወስዶ አየው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጠው። የባለ ታክሲውን ፀጉር ጨረሰለት። ሳቁም እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ የቤቱን ዕቃ ሁሉ የራሱ ያደርጋል። ፀጉር አስተካካዩ የቁም ሳጥናቸው መስታወት ሲሰበር ሚስቱ ራሷ ማዶ ተሻግራ እንዳስቆረጠች ትዝ አለው። ፎጣ ስታሰጣ ፊቷ ወደ ማዶ መሆኑን አስተዋለ። ገመዱ የታሰረው ወደዚያ መሆኑን፣ ያሰረውም እሱ ራሱ መሆኑን አላስታወሰም። ዝም ስትል «ምን እያሰበች ነው?» ይላል፤ ስትስቅ «ምን አስደሰታት?» ይላል። ቆራጩ ከሩቅ «የኔ ቆንጆ፣ እንደምን አደርክ!» ብሎ ሰላም ሲለው እጁን ሳያነሳ ይገባል። ምስኪኑ ቆራጭ ነገሩ ስላልገባው ይበልጥ እየጮኸ ሰላም ይል ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ቤታችን መጣች። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ነበር። ሻርፗን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እታለሜ፣ ቤቴ ሊፈርስ ነው» አለቻት እናቴን።

«ምን ሆነሽ? ምን አገኘሽ?»

«ሻንጣዬን አውጥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠልኝ። ይህ ሳምንት ሳያልቅ ወንድሜ ቤት እንድሄድ ነገረኝ። ከቆራጩ ጋር ነሽ ይለኛል። ምን አየህ ስለው ያንን ፎቶ ያሳየኛል። እኔ ከዚያ ሰው ጋር መስታወት ከማስቆረጥ በቀር ያወራሁት የለም። በልጆቼ!»

እናቴ ጊዜ አላጠፋችም። ወጥታ የአጎቴን በር በቡጢ ደበደበች። ቀይ አምፖል ይብራ ጥቁር አምፖል ይብራ ግድ አልሰጣትም። አጎቴ እጁ እየተንጠባጠበ ብቅ አለ። እትዬ ከደጃፉ ቆማ ነገሩን በአጭሩ ደገመችለት። ሲሰማ ፊቱ ፈካ እንጂ አልደነገጠም።

«ይኸው ነው? ይህማ የመስታወት ጉዳይ ነው! እኔ በዓይኑ አሳየዋለሁ። እሁድ ይዘሽው ነዪ። ካሜራውን ራሱ ይያዝና ይይ። ርቀቱን ሲያይ ይስቃል።»

«ከሳቀ ነው» አለች እትዬ። «እርስዎ ወንድሙ ነዎት። እርስዎን ካላመነ ማንንም አያምንም።» ይህን ስትል መሬት መሬት ታይ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ እናቴ በሩን ተደግፋ ቀረች። ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«እኔ የምለው፣ ያንን ፎቶ ለምን ያን ያህል አሳድገህ አተምከው?»

«ጥሩ ፎቶ ስለሆነ ነዋ።»

«ርግቧም ጥሩ ነበረች። የመዳፌን ያህል ነው ያተምካት።»

«እህቴ፣ ስለ ፎቶ አታውቂም።»

«ስለ ፎቶ አላውቅም» አለች። «ስለ አንተ ግን አውቃለሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ ያዝ እንግዲህ።»

አጎቴ በሩን ዘጋ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሻይ ላደርስለት ገባሁ። ከዚያ ፎቶ የቀረው አንድ ቅጂ ገመዱ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ክፍሉ በፎቶ የተሞላ ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ ወደየራሳቸው ጉዳይ ዞረዋል፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላዋ ልጇን ትጎትታለች፣ ሌላው አፍንጫውን ይነካካል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ማንም የማያየኝ ይመስለኝና ደስ ይለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን የሆነ ሰው ከጀርባዬ የቆመ ያህል ቅር ቅር አለኝ። ምን እንደሆነ ሳልለየው ስኒውን አስቀምጬ ወጣሁ።

እሁድ ከምሳ በኋላ መጡ። ፀጉር አስተካካዩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ፎቶውን በዚያው በጋዜጣው ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነበር። እንደ ልማዱ «እንዴት ናችሁ የኔ ቤተሰቦች» አላለም። ሚስቱ ከኋላው ራቅ ብላ ገባች። አጎቴ ክፍሉን አሰናድቶ ጠበቃቸው። የራሱን ረጅም፣ ፍሬም ያልገባለት መስታወት ከክፍሉ መካከል ወንበር ላይ አቁሞ ትንሽ አዘንብሎታል። በስተመጨረሻ ባለው ግድግዳ ሥር አንድ በርጩማ አስቀምጧል።

«የቆራጩን ቦታ ማን ይይዛል?» አለ።

«እኔ ልያዘው» አለች እናቴ። «ጢም ግን የለኝም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።» ሄዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞራ፣ «የኔ ቆንጆ፣ እንደምን ዋልክ!» አለችው።

ማንም አልሳቀም። አጎቴ እትዬን ከበሩ አጠገብ፣ ከባሏ ጀርባ ራቅ አድርጎ አቆማት። ወዳጁን ደግሞ ከመስታወቱ ፊት አቆመውና ካሜራውን በእጁ ሰጠው።

«አሁን በዚህ ቀዳዳ እይ። እህቴ ከፊትህ ናት፤ ግድግዳው ሥር። ሚስትህ ከኋላህ ናት፤ በሩ ጋ። መካከላቸው ያለውን ርቀት በዓይንህ አየኸው አይደል? በል ቀስ ብለህ ወደ ግራ ተጠጋ። ትንሽ። ትንሽ ጨምር። ቁም!»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ካሜራው ላይ እንዳደረገ ትንፋሹን ዋጠ።

«ወይ ጉድ!» አለ። «ወይ ጉድ! ተጣበቁ እኮ!»

«ጉንጭ ለጉንጭ?»

«ጉንጭ ለጉንጭ! እታለም፣ እስቲ ራስሽን ነቅነቅ አድርጊ። ኧረ በስመ አብ፣ ሚስቴን ልትስሚያት ነው!» ካሜራውን ከዓይኑ አንስቶ እናቴን አየ፣ ዞሮ ሚስቱን አየ፤ በመካከላቸው ክፍሉ ሙሉ ባዶ ቦታ ነበር። ሳቀ። ያ የታወቀው፣ ከማዶ የሚሰማው ሳቁ ተመለሰ። «እኔ ጅል! እኔ የጅል ጅል! ቆራጩን እኮ ላንቀው ነበር። ያ ምስኪን ሰላም ሊለኝ ሲጮህ ድምፁ ተዘግቷል!»

«እኔስ?» አለች እትዬ ከበሩ ጋ። «የእኔስ ሻንጣ?»

«ዛሬውኑ እኔ ራሴ እፈታዋለሁ። ይቅር በይኝ። ሰው በገዛ ዓይኑ ይሸወዳል?»

እናቴ ከበርጩማው ሳትነሳ «ተመስገን» አለች። አጎቴ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። እኔም ሻይ ላቀርብ ተነስቼ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ግን አዲስ መጫወቻ እንዳገኘ ልጅ ካሜራውን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገ። «ቆዩ፣ ቆዩ። ልክ እንደ ፎቶው ላድርገው። እስቲ እንደዚያ ቀን ሁኚ» አላት ሚስቱን።

እትዬ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አየችና ሻርፗን አስተካከለች።

«አይ፣ እንደሱ አይደለም» አለ እየሳቀ። «በፎቶው ላይ ታዪኛለሽ። አሁን አታዪኝም።»

«መስታወቱን ነው የማየው፤ ራሴን።»

«ራስሽን አትዪ። እኔን እዪኝ፤ በመስታወቱ።»

ዓይኗን አንቀሳቀሰች። ምን ያህል ትንሽ እንቅስቃሴ እንደነበረች ዛሬም ይገርመኛል፤ ሽፋሽፍቷ ብቻ ከፍ አለ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ልክ ሆነ። ልክ እንደ ፎቶው።»

ካሜራውን አወረደ። ጋዜጣውን ፈትቶ ፎቶውን አወጣና ለረጅም ጊዜ አየው። ያን ጊዜ እኔም በዚያ አመሻሽ ቅር ቅር ያለኝ ነገር ምን እንደነበር ገባኝ። በዚያ ፎቶ ላይ የእትዬ ዓይን ቆራጩን አያይም፣ መንገዱን አያይም፣ ራሷንም አያይም። ካሜራውን ከያዘው ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ቆሟል።

«እኔ አሁን የቆምኩበት ቦታ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ያን ቀን ማን ነበር የቆመበት?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

«ምን አለበት?» አለች እትዬ በመጨረሻ። «ሰው ካሜራ ሲያነሳ ሰው ያያል። አየሁ። ወንጀል ነው?»

«እውነቷን ነው እኮ!» አለች እናቴ ፈጥና። «ማን የማያይ አለ?»

ፀጉር አስተካካዩ በክፍሉ ዙሪያ የተሰቀሉትን ፎቶዎች በጣቱ አሳየ። «ይህቺ አታይም። ይህም አያይም። ይህም። ጀርባውን ሰጥቶ የሚያነሳን ሰው ማን ያየዋል? የት እንደሚቆም የሚያውቅ ብቻ ነው በመስታወት ፈልጎ የሚያገኘው። የሚጠብቀው ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና የሚመስል ነገር ነበረበት። «ወንድሜ፣ አንተ ንገረኝና እኔ እቀበላለሁ። ራሷን ነበር የምታየው?»

አጎቴ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እናቴ ከወዲያ ሆና ዓይኗን አፍጥጣበት ነበር። እትዬ ግን ግድግዳውን ነበር የምታየው።

«ራሷን ነበር» አለ አጎቴ። «ሴት ልጅ መስታወት ስታገኝ ራሷን ነው የምታየው። ካሜራው ነው እንዲያ ያስመሰለው።»

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ነቀነቀ። ደጋግሞ ነቀነቀ።

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከሰው ጀርባ ቆሜ ነው የሠራሁት» አለ። «ሰው የማየው በመስታወት ነው፣ የማወራውም በመስታወት ነው። ደንበኛዬ ራሱን ሲያይና እኔን ሲያይ የማልለይ ይመስልሃል? ሌላ ሰው ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ ባመነህ። እኔን በመስታወት ትዋሸኛለህ?»

 አጎቴ «አይታኝ ነበር፤ ይኸው ነው» ቢለው ኖሮ፣ ምናልባት እዚያው ያበቃ ነበር ትል ነበር እናቴ ኋላ ላይ። አንድ ቀን ያየች ዓይን ምንም ላትሆን ትችላለች። የተዋሸላት ዓይን ግን ምንም ሆና አትቀርም። በመካከላቸው ምን እንደነበረ፣ ወይም ምንም እንዳልነበረ፣ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ሻይ ቀርቧል» አለችው እናቴ ከበርጩማው ተነስታ። «ነገር እያረፉ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ካሜራውን እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ አልጋው መካከል ላይ አስቀመጠው። ፎቶውን ከጎኑ አኖረው። ኮፍያውን አንስቶ ራሱ ላይ አደረገ። ከበሩ አጠገብ ሚስቱ ቆማ ነበር፤ መንገድ ልትለቅለት ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አላያትም፣ «ነዪ»ም አላላት፣ «ቅሪ»ም አላላት። ለእናቴም፣ ለእኔም፣ ለአብሮ አደጉም «ደህና ዋሉ» ሳይል ወጣ።